ጤፉ ስንዴ የሆነበት ታፔላ፦ አይከን ስንመርጥና ስናስተካክል የምንደጋግማቸው ስህተቶች

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ትንሽ የዲዛይንና የኅትመት ቤት አለችኝ። ታፔላ፣ ባነር፣ ሜኑ፣ ስቲከር፣ የሠርግ ካርድ፤ የመጣውን እንሠራለን። ሰሞኑን አንድ ተለማማጅ ልጅ የሠራውን የምግብ ቤት ሜኑ ሊያሳየኝ መጣ። አየሁት። ዝም አልኩ። ቡናዬን ጨርሼ ደግሜ አየሁት። ይህ ጽሑፍ የመጣው ከዚያ ነው። ልጁን ላለመቆጣት ብዬ የጀመርኩት ነው ብትሉም አልከራከርም።

ከየቦታው መቃረም

ሜኑው ላይ ስድስት አይከኖች፣ ማለትም ትንንሽ የሥዕል ምልክቶች፣ አሉ። ቡናው በቀጭን መስመር የተሣለ ነው። ሥጋው ድፍን ጥቁር ነው። ጁሱ ከብርቱካናማ ወደ ቢጫ የሚሄድ ቀለም አለው፣ ጥላም ጥሏል፣ አንስተህ ጠጣኝ ጠጣኝ ይላል። ስልኩ ጥጉ ሁሉ ክብ ነው፤ የአድራሻው ምልክት ደግሞ ጥጉ እንደ ቢላ ነው። ዋይፋዩ ከሌላ ሥራ ላይ ተቆርጦ የመጣ መሆኑን ዳር ዳሩ የቀረው ነጭ ፍርፋሪ ይመሰክራል።

"ሁሉም ያምራሉ እኮ" አለኝ ልጁ።

እውነቱን ነው፤ ለየብቻ ሲታዩ ያምራሉ። ስድስቱም ግን አንድ ማዕድ ላይ የተቀመጡ የማይተዋወቁ ሰዎች ናቸው። የምግብ ቤቱ ባለቤት ሲያዩት "ጥሩ ነው፣ ግን የሆነ ነገር ይጎረብጠኛል" ማለታቸው አይቀርም። ምን እንደጎረበጣቸው ሊነግሩን አይችሉም። ያንን ማወቅ የእኛ ሥራ ነው።

አይከን በስብስብ የሚዘጋጀው ወድዶ አይደለም። ስብስቡን የሚሠራው ሰው መጀመሪያ ደንብ ያወጣል። መስመሩ ስንት ፒክስል (የስክሪን ነጥብ) ይወፍር? ጥጉ ይክበብ ወይስ ይሹል? የመስመሩ ጫፍ ክብ ይሁን ወይስ የተቆረጠ? ዕቃው ከፊት ይታይ ወይስ ከጎን? የጎግልን ማቴሪያል አይከኖች ውሰዱ። የሚሣሉት 24 በ24 በሆነ ሠንጠረዥ ላይ ነው። በአራቱም በኩል 2 ፒክስል ባዶ ይተዋል። ካሬ የሆነው ቅርጽ 18 በ18 ሲሆን ክቡ ግን ስፋቱ 20 ነው። ለምን? ካሬና ክብ በልክ እኩል ከሆኑ ለዓይን ክቡ ያነሰ ስለሚመስል ነው። እንግዲህ ይህን ሁሉ ሰው ተጨንቆ ጨርሶልናል። እኛ አንዱን ከዚህ፣ አንዱን ከዚያ ስንቃርም ያ ጭንቀት ሁሉ ውሃ በላው ማለት ነው።

ልጁ ግን ሞገተኝ። "ስልኩና ቡናው እኮ ሁለቱም መስመራቸው 2 ፒክስል ነው፤ አይቼ ነው የመረጥኩት" አለ። ፋይሎቹን ከፈትናቸው። እውነትም ሁለቱም 2 ናቸው። ነገር ግን ስልኩ የተሣለው በ24 ሠንጠረዥ፣ ቡናው ደግሞ በ32 ሠንጠረዥ ላይ ነበር። ቡናውን ከስልኩ ጋር ለማስተካከል ወደ 24 ሲያወርደው መስመሩም አብሮ ወርዶ 1.5 ሆነ። ግማሽ ፒክስል ብቻ። ይቺ ግማሽ ፒክስል ናት ቡናውን የታመመ ያስመሰለችው። ከስብስቡ ስም በፊት የሠንጠረዡን ልክ እዩ።

እኔ የምፈትሸው እንዲህ ነው። የመረጥኳቸውን በሙሉ በአንድ ረድፍ እደረድራለሁ። ሁሉንም ጥቁር አደርጋለሁ። 24 ፒክስል ላይ አወርዳለሁ። ከወንበሬ ተነስቼ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ እሄድና ዓይኔን ጨፈን አደርጋለሁ። ባዳው ራሱ ይጮሃል።

ደግሞ ስብስብ ስትመርጡ በሚያምረው አይከን አትማረኩ። ቤትና ስልክ የሌለው ስብስብ የለም። መጀመሪያ የሚያስፈልጓችሁን በወረቀት ጻፉ፤ ከዚያ በጣም አስቸጋሪዎቹን ብቻ ፈልጉ። እኛ ቤት አስቸጋሪዎቹ ወፍጮ፣ ጠላ፣ በግ፣ ባጃጅ ናቸው። ከአራቱ ሁለቱን ያገኛችሁበት ስብስብ ካለ ሌላውን ባትፈልጉም ችግር የለውም።

መጠኑን አሳድጎ መስመሩን መርሳት

ይህን የሠራሁት እኔ ነኝ። ሥራ በጀመርኩበት ዘመን ፍኖተ ሰላም ላለ አንድ ሱቅ ባነር ሠራሁ። መሃሉ ላይ 60 ሴንቲ የሚሆን የጋሪ አይከን አለ። ስክሪኑ ላይ አሳንሼ ስለማየው ኩራት ቢጤ ተሰምቶኛል። ባነሩ ታትሞ ሲዘረጋ ጋሪው የለም። ጠጋ ብለን ስናይ አለ፤ በክር የተሰፋ መስሎ።

ነገሩ ቀላል ነው። 24 ፒክስል ላይ 2 ፒክስል የሆነ መስመር፣ አይከኑ 60 ሴንቲ ሲሆን 5 ሴንቲ መሆን ነበረበት። የምሥልበት ፕሮግራም፣ ኢንክስኬፕ፣ ግን ቅርጹን ብቻ አሳድጎ መስመሩን እንደነበረ ተወው፤ በኢንክስኬፕ ልክ 2 ፒክስል ማለት ወረቀት ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር ነው። ኢንክስኬፕ ውስጥ የመምረጫውን ቀስት ስትይዙ ከላይ ትንንሽ ቁልፎች ይመጣሉ፤ አንዷ "መጠን ሲቀየር መስመሩም አብሮ ይቀየር" የምትለው ናት። ሌላው የመሣያ ፕሮግራም ኢሉስትሬተር ውስጥም በምርጫዎቹ ገጽ ላይ ይህችው አለች። ከዚያ በላይ የሚያስተማምነው ግን ከማሳደጋችሁ በፊት መስመሩን ወደ ቅርጽ መቀየር ነው፤ ያኔ መስመር መሆኑ ያበቃል፣ እንደማንኛውም ቅርጽ አብሮ ያድጋል። መስመር የሆነውን ዋናውን ፋይል ግን ለብቻው አስቀምጡት። አንዴ ቅርጽ ከሆነ በኋላ "ትንሽ አወፍርልኝ" የሚል ደንበኛ ሲመጣ ታለቅሳላችሁ።

የባነሩን ዋጋ ከኪሴ ከፈልኩ።

ትንሿን ፒኤንጂ ማሳደግ

ይህን እስካሁን ማስረዳት አልነበረብኝም። 24 ፒክስል የሆነች ፒኤንጂ፣ ማለትም በነጥብ የተሠራች ምስል፣ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ስትታተም 2 ሚሊ ሜትር ትሆናለች፤ ሁለት የጤፍ ፍሬ ጎን ለጎን ማለት ነው። እሷን ግድግዳ አክሎ ማሳደግ አይቻልም። ኤስቪጂውን፣ ማለትም በነጥብ ሳይሆን በቅርጽ የተቀመጠውን ፋይል፣ አውርዱ። ሌላ ወሬ የለም።

ኤስቪጂውን ፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራሞቹ፣ ፎቶሾፕ ወይም ጂምፕ፣ ውስጥ ከፍቶ መሥራትም ዙሮ ዙሮ እዚያው ነው። ጂምፕ ሲከፍተው በስንት ፒክስል ልክፈተው ብሎ ይጠይቃል፤ ያኔ የመለሳችሁት ቁጥር ነው የሚቀረው። ቅርጹን የምታርሙት ኢንክስኬፕ ወይም ኢሉስትሬተር ላይ ይሁን፤ ፎቶ ላይ የምትለጥፉት ደግሞ ፎቶሾፕ ላይ።

የውሸት ባክግራውንድ

ከጎግል ምስል ፍለጋ ላይ "ባክግራውንድ የለውም" ተብሎ የወረደ ፒኤንጂ፣ ከፍታችሁት ነጭና ግራጫ ካሬ ካሬው አብሮ ከመጣ ተታላችኋል፤ ካሬዎቹ ራሳቸው ሥዕል ናቸው። በዋንድ (ተመሳሳይ ቀለም በሚመርጠው መሣሪያ) ጠርጎ ማውጣት ይቻላል፤ ዳሩ ላይ ግን ነጭ ፍርፋሪ ይቀራል። ነጭ ወረቀት ላይ አይታይም። አረንጓዴ ባነር ላይ አድርጉትና እዩት። ፎቶሾፕ ይህን ነጭ ዳር የሚልጥ ትእዛዝ ሌየር ምናሌው ውስጥ አለው፤ ከሌላ ቦታ ንጹሑን ማውረድ ግን ይፈጥናል። ጄፔግ የሚባለው የምስል ፋይል ደግሞ ባክግራውንድ አልባ መሆን ጭራሽ እንደማይችል እየታወቀ በየሳምንቱ "ነጩን አጥፉልኝ" ተብሎ ይመጣልናል።

ሳጥን የሆኑ አይከኖች

አንዳንድ ስብስቦች፣ ለምሳሌ ፎንት ኦሰም፣ በፎንት መልክም ይመጣሉ። አይከኑ እንደ ፊደል ይጻፋል። ኮምፒውተራችሁ ላይ ያምራል። ፋይሉን በፍላሽ ይዛችሁ ባሕር ዳር ያለ ትልቅ ማተሚያ ጋ ስትሄዱ ያ ፎንት እዚያ የለም። ስልክ የነበረው ባዶ ሳጥን ይሆናል። የሚያሳዝነው አንዳንዴ ማንም ሳያየው መታተሙ ነው። ከመላካችሁ በፊት ጽሑፉንም አይከኑንም ወደ ቅርጽ ቀይሩ፤ ኢሉስትሬተር ላይ ኮንትሮል ሺፍት ኦ፣ ኢንክስኬፕ ላይ ኮንትሮል ሺፍት ሲ። አራት ሰዓት መንገድ ተመልሶ ከመምጣት ሦስት ቁልፍ መጫን ይሻላል።

በቀለም ብቻ መናገር

ለአንድ ማኅበር የአባላት ቅጽ ሠርተን ነበር። የከፈለ አረንጓዴ ክብ፣ ያልከፈለ ቀይ ክብ። ስክሪን ላይ ግልጽ ነው። ግን የእኛ አገር ወረቀት ዕጣ ፈንታው ፎቶኮፒ ነው። ኮፒ ሲደረግ ሁለቱም ያው አንድ ግራጫ ሆኑ፤ ከፋዩና ባለ ዕዳው ታረቁ። አሁን የከፈለው የእርማት ምልክት፣ ያልከፈለው ኤክስ ነው። ቀለሙ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ጌጥ ነው።

ቀይ መስቀል

ክሊኒክ ወይም መድኃኒት ቤት ሲመጣ እጃችን ሳናስበው ነጭ ላይ ቀይ መስቀል ይሥላል። ተዉት። ያ ምልክት የጤና አይከን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1949 የወጡት የጄኔቫ ስምምነቶች የሚጠብቁት፣ በጦርነት ጊዜ የሕክምና ሰዎችን እንዳትተኩሱባቸው የሚል ምልክት ነው። የቀይ መስቀልና የጦር ሠራዊት ሕክምና ነው እንጂ የማንም ክሊኒክ አይደለም። አረንጓዴ መስቀል አድርጉት። ደንበኛው "ቀዩ ይደምቃል" ካለ ምክንያቱን ንገሩት፤ እኔ እስካሁን ከነገርኳቸው ውስጥ እምቢ ያለ የለም።

ነጻ ነው ብሎ ማለፍ

ነጻ ሁሉ አንድ ዓይነት ነጻ አይደለም። ታብለርና ፌዘር የሚባሉት የአይከን ስብስቦች በኤምአይቲ ፈቃድ የተለቀቁ ናቸው፤ ማቴሪያል በአፓቺ 2.0። የፎንት ኦሰም ነጻ አይከኖች ደግሞ የባለቤቱን ስም ጥቀሱ የሚል ፈቃድ አላቸው። የመንገድና የሕንፃ ምልክት ለምትሠሩ ደግሞ አንድ ግምጃ ልጠቁማችሁ። አሜሪካ ውስጥ ለአየር ማረፊያና ለመሳሰሉት ተብለው ከ1974 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተሠሩ 50 ምልክቶች አሉ፤ መጸዳጃ፣ ደረጃ፣ ሊፍት፣ ሁሉም። ማንም እንዲጠቀምባቸው ተለቅቀዋል። ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፏቸውም ገና አላረጁም።

የፌስቡክና የቴሌግራም ምልክት ግን አይከን ሳይሆን የድርጅት ምልክት ነው። ወደ ሐምራዊ አትቀይሩት።

ፊደላችንን 16 ፒክስል ውስጥ መጨቆን

ለድረ ገጽ የምትሆነዋን ትንሿን አይከን ሲሠሩ የድርጅቱን ስም አሳጥረው ሦስት ፊደል የሚከቱ አሉ። የላቲኑ ይችል ይሆናል። የእኛ ፊደል ነገሩ ሁሉ ያለው በቅጥያው ነው። ነ እና ኘ፣ ተ እና ቸ የሚለያዩት አናታቸው ላይ ባለው ነገር ነው። 16 ፒክስል ላይ እሱ አንድ ፒክስል ይሆናል፤ ደብዘዝ ካለ ደግሞ ምንም። አንድ ፊደል ብቻ፣ ወፍራም ፎንት፣ አስፈላጊ ከሆነም እግሩን በእጃችሁ አስረዝሙት። ትልቁን በማሳነስ ብቻ ትንሽ አይገኝም፤ ለ16 ለብቻው መሣል አለበት።

የሌላ አገር ዕቃ

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። ስብስቦቹን የሠሯቸው ሰዎች እዚህ አልኖሩም፤ አይፈረድባቸውም። እኛ ግን እዚህ ነው ያለነው።

ቤት ብለን የምንለጥፈው የጭስ ማውጫ ያለው ቤት ነው። ጎዛምን ውስጥ የጭስ ማውጫ ያለው ቤት ስንት አይታችኋል? ምግብ ቤት ሲባል ሹካና ቢላ ነው፤ ውስጥ ገብተህ ግን በእጅህ ትበላለህ። ትምህርት ቤት ሲባል ጉጉት፤ ፈረንጅ ጋ ጉጉት ጥበብ ናት፣ እናቴ ጋ ግን ጣራ ላይ ከጮኸች ሌሊቱን ሙሉ የሚያስቆዝም ነገር ናት።

ከሁሉ የከፋው አሳማው ነው። አንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር በራሪ ወረቀት አሠራ። የሠራሁት እኔ አልነበርኩም፣ ከእኔ ጋ የሚሠራ ልጅ ነው የጨረሰው፤ ያለፈው ግን በእኔ እጅ ነው። ቁጠባ ብሎ ሲፈልግ ስብስቡ ሮዝ አሳማ ሰጠው፤ ጀርባዋ ላይ ሳንቲም የሚገባባት። ጠቅ አደረገና ለጠፈ። ወረቀቱ ስብሰባ ላይ ሲታደል አንድ ቄስ ተቀበሉ፣ አዩ፣ ገልብጠው ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። ቀስ በቀስ አጠገባቸው ያሉትም ገለበጡ። ሊቀ መንበሩ ሲደውልልኝ ከሳቅና ከንዴት የትኛው እንደሚቀድም አላወቀም። "ወንድሜ፣ ገንዘባችሁን አሳማ ሆድ ውስጥ ክተቱ ብለህ ጎጃሜን ትሰብካለህ?" አለኝ።

በምትኩ ሙዳይ ሣልን። ከታች ሰፋ ያለች፣ ክዳኗ ሾጠጥ ያለ፣ አናቷ ላይ ትንሽ ክብ። መጀመሪያ አንዷ ሠራተኛችን አይታ "ቅቤ ነው?" አለች። ከክዳኑ በላይ አንድ ሳንቲም ጨመርን፤ ያለቀለት እሱ ነው።

ጤፉ ግን የራሴ ጥፋት ነው፤ በማንም አላላክክም። ከቢቸና በኩል ጤፍ አምጥቶ የሚሸጥ ነጋዴ ታፔላ አዘዘኝ። "ማኛ ጤፍ" የሚል ጽሑፍና አጠገቡ እህል። ስብስቡ ውስጥ እህል ብዬ ስፈልግ ያው የስንዴ ዛላ መጣ፤ ቀጥ ያለ ግንድ፣ በግራና ቀኝ ጥንድ ጥንድ ሆኖ የተደረደረ ፍሬ። የትኛውም ስብስብ ውስጥ እህል ማለት እሱ ነው። ለጠፍኩት። ታፔላው በተሰቀለ በሁለተኛው ቀን አንድ አዛውንት ገበሬ፣ የነጋዴው ዘመድ፣ በሩ ላይ ቆመው ሽቅብ ሲያዩ ደረስኩ። "ልጄ፣ አንተ ነህ የጻፍከው?" አሉኝ። አዎ አልኩ። "መጻፉንስ ጽፈሃል። ታዲያ ለምን ስንዴ አደረግኸው?"

ምን ልበላቸው? ስብስቡ ውስጥ ስላልነበረ ልበል?

ደግሞ የባሰ አለው። ውጭ አገር የምግብ ማሸጊያ ላይ የስንዴ ዛላ ላዩ ላይ ተሰርዞ ሲታይ ግሉተን የለውም ማለት ነው። ጤፍ ደግሞ ግሉተን የለውም። ስለዚህ ጤፍ ላይ ስንዴ መለጠፍ አለማማር ብቻ አይደለም፤ ግሉተን የማይስማማው ዘመድ ያለው ሰው አይቶት በትክክል የተገላቢጦሹን ነው የሚያነበው። ለውጭ የሚላክ የጤፍ ዱቄት ማሸጊያ የምትሠሩ ካላችሁ ይህን ሁለት ጊዜ አንብቡት።

ታፔላውን አስወርጄ ጤፉን ልሣል ተቀመጥኩ። የቀሩት አይከኖች የታብለር ስለነበሩ ደንቡ የታወቀ ነው፤ 24 በ24፣ መስመሩ 2 ፒክስል፣ ጫፉ ክብ። ከሱቁ እውነተኛ የጤፍ ዛላ ጠየቅሁና ኪቦርዱ አጠገብ አጋደምኩት። መጀመሪያ ያየሁትን ሁሉ ሣልኩ። ከአንዱ ግንድ አሥራ አንድ ቅርንጫፍ አወጣሁ። 240 ፒክስል ላይ ሲታይ እውነተኛ ጤፍ ነው። 24 ላይ ሳወርደው መጥረጊያ ሆነ። መስመሮቹ መካከል ክፍተት ስላልነበረ ሁሉም ተጣብቀው ጠቆሩ።

ቢያንስ በሁለት መስመር መካከል የአንድ መስመር ያህል፣ ማለትም 2 ፒክስል፣ ባዶ መኖር አለበት። ቦታው 20 ፒክስል ብቻ ነው። ስትቆጥሩት ከአምስት ቅርንጫፍ በላይ አይገባም። ስድስቱን ሰረዝኩ። ከዚያ ግራና ቀኙን እኩል ላድርግ ብዬ ገልብጬ ለጠፍኩ። እንደገና ስንዴ መሰለ! ስንዴን ስንዴ የሚያደርገው ያ እኩልነቱ ነው። ጤፍ ወዲህ ወዲያ የተበተነ ነው። ሦስቱን በአንድ ወገን፣ ሁለቱን በሌላው አደረግሁ። ጫፍ ጫፋቸውን ወደ ታች አጎነበስኩ። ግንዱንም በትንሹ ወደ ቀኝ አዘነበልኩ። ፍሬ አልሣልኩም፤ የመስመሩ ክብ ጫፍ ራሱ ፍሬ ይመስላል።

አዲሱ ታፔላ ሲሰቀል አዛውንቱ እንዲመጡ አስጠራኋቸው። ቆመው ብዙ አዩት። "አሁን ጤፍ ነው" አሉ። ልተነፍስ ስል ቀጠሉ፤ "ግን ገና አልደረሰም። ሲደርስ ከዚህም በላይ ያጎነብሳል።"

ፋይሉን ከፈትኩና ግንዱን ሁለት ፒክስል ጎንበስ አደረግሁት።